ኪሱ ቀኝ ላይ የሆነው ኮት

አባቴ ኮት ገልባጭ ነበር። የዛሬ ልጆች ገልባጭ ሲባል የሚያውቁት አሸዋ የሚያመላልሰውን መኪና ብቻ ስለሆነ ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት አለብኝ። ድሮ የሱፍ ኮት በዕድሜ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ የሚገዛ ነገር ነበር። ዓመታት ሲለበስ ፀሐይ የሚያገኘው ወገኑ ይነጣል፣ ክርኑና ኮሌታው ያብለጨልጫል። ገበር የሸፈነው የውስጥ ወገኑ ግን የተገዛ ዕለት እንደነበረው ነው። ልብስ ሰፊው ኮቱን ስፌት በስፌት ይተረትረዋል፤ ጨርቁን ቁራጭ በቁራጭ ገልብጦ የውስጡን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ከዚያ መልሶ ይሰፋዋል። ባለቤቱ አሮጌ ኮት ጠቅልሎ መጥቶ አዲስ ኮት ለብሶ ይሄዳል። ዲላ ውስጥ ይህን የሚሠሩ ሌሎችም ነበሩ፤ እንደ አባቴ አድርጎ የሚሠራ ግን አልነበረም። አባቴ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው። እልኸኝነቱንና ኩርፊያውን ላውራ ብል ቀኑ አይበቃኝም፤ በእጁ ሥራ ግን አልቀልድም።

የሚሠራው ገበያው ዳር፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። የሱቁ ባለቤቶች እንደሱው ከደጋው፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ማዶ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። በረመዳን እሱ ምሳውን ተደብቆ ይበላል፣ በሁዳዴ ደግሞ እነሱ ምሳ ሰዓታቸው ላይ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ፤ በዚህ ተቻችለው ብዙ ዓመት ኖረዋል። እናቴ ያረፈችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለሆነ ያደግኩት እዚያ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ነው።

የግልበጣ ሥራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ኮት ግራ ደረቱ ላይ ትንሽ ኪስ አለው፤ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆንና ኪሱ ቀኝ ደረት ላይ ቁጭ ይላል። የሰፊው ጥፋት አይደለም። የላስቲክ ጓንት ገልብጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የግራው የቀኝ ይሆናል። ነገር ግን ኪሱ ቀኝ ላይ የሆነ ሰው የተገለበጠ ኮት መልበሱ ከሩቅ ይታወቅበታል፤ መታወቁ ደግሞ ያሳፍር ነበር። ስለዚህ ጎበዝ ሰፊ ከስፌቱ ትርፍ ላይ ክር እየመዘዘ የድሮውን የኪስ ቀዳዳ ክር በክር ሸምኖ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በግራ በኩል አዲስ ኪስ ይከፍታል። አባቴ የደፈነውን ቀዳዳ በዓይን ቀርቶ በጣት ዳብሶ ማግኘት አይቻልም ነበር።

አንድ ጊዜ ከኮንጋ አንድ ጠና ያሉ የቡና ገበሬ ኮታቸውን በጆንያ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ግራና ቀኝ አይተው ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ይቺ ኮት የልጅ ሠርግ ላይ ትለበሳለች» አሉት። «ሰዉ እንዳያውቅባት፣ አደራ።»

«አባቴ፣ ኮቱ ራሱ አፍ አውጥቶ ካልተናገረ እኔ አልናገርም» አላቸው።

ሰውየው ኮታቸውን የወሰዱት መንገዱ ጭር ሲል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የሰረቁት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ይህን ምስጢር እንደ ንስሐ አባት ነበር የሚጠብቀው። በገበያ ቀን ሲገለብጥላቸው የኖሩ አስተማሪዎችና የቀበሌ ሹሞች በፊቱ ሲያልፉ ኮታቸውን ቀና ብሎ አያይም። «ኪሱን ቀኝ ላይ የተወ ሰፊ ኮት አልገለበጠም፤ ሰው ነው ያጋለጠ» ይል ነበር።

ከዚያ በሞያሌ በኩል ሰልባጅ ገባ። የፈረንጅ ኮት መሬት ላይ ተከምሮ በርካሽ ሲሸጥ አሮጌውን የሚያስገለብጥ ማን ሞኝ አለ? የአባቴ ሥራ ሱሪ ወደ ማሳጠርና ዚፕ ወደ መቀየር ወረደ። በዚያው ሰሞን ዓይኑ ላይ ሞራ መጣበት። እሱ ግን አላመነም። «የዘንድሮ ክር ጫፉ ይፈታታል» ይላል። «መርፌውንም ቀዳዳውን አጥብበውታል» ይላል። እኔ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብቼ ትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ እሰካለታለሁ፤ ጥቁሩን በአንድ ወገን፣ ነጩን በሌላ ወገን። ቀኑን በዚያ ይሠራል። ካለቀበት አላፊ አግዳሚውን፣ የሱቁን ልጆች እንኳ፣ ክር አስገቡልኝ አይልም፤ እጁን አጣጥፎ እኔ እስክመለስ ይቀመጣል። ይህን ያወቅኩት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀድሜ ስመጣ ነው። መኪናው ላይ ያላለቀ ሱሪ ተዘርግቶ እሱ መንገዱን ሲያይ አገኘሁት። በጣም ተናደድኩ፤ ተናድጄም አለቀስኩ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምደባዬ እዚያው ዲላ ሆነ። ጓደኞቼ ከቤት ሳትወጣ ወጣትነትህ አለቀ ብለው አዘኑልኝ፤ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሒሳብ አጠና ጀመር። ችግሩ የሚመጣው ሲመረቁ ነው። በዚያን ጊዜ ተመራቂ የሚመደበው በዕጣ ስለነበር ጋምቤላም ሊደርሰኝ ይችላል፣ ሁመራም። ዲላ መቅረት የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ከተመራቂዎቹ ሁለቱን ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀራል። የአንደኛው ቦታ ባለቤት ገና ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የታወቀች ነበረች፤ ከዚያች ልጅ ጋር መወዳደር ራስን መድከም ነው። ሁለተኛው በመመረቂያ ሥራ እንደሚለይ ተነገረን። ለሌሎቹ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ለእኔ ጠዋት ጠዋት መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ሰው የመኖር ያለመኖር ጉዳይ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የመረጥኩት ርዕስ ብልህ ሰው የሚመርጠው አልነበረም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወጣቱ መምህራችን ነጥብ ሣለና ጎትቶ መስመር አደረገው። መስመሩን ወደ ጎን ጎትቶ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ጎትቶ ሣጥን አደረገው። «አሁን ደግሞ ሣጥኑን ከወርድም ከቁመትም ከጥልቀትም ውጭ ወደሆነ አራተኛ አቅጣጫ ጎትቱት» አለን። ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ እጄን አውጥቼ ወዴት እንደምንጎትተው ጠየቅኩ።

«ማየት አይቻልም» አለኝ። «ማስላት ግን ይቻላል።»

እኔ ደግሞ ማየት አማረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ባለ አራት አቅጣጫውን ሣጥን በኮምፒዩተር ሥዬ አሽከረክረዋለሁ ብዬ ርዕሱን አስመዘገብኩ። መምህሩም አማካሪዬ ለመሆን ተስማማ፤ ከጎጃም የመጣ፣ ሳይቆጣ የሚያስተካክል ሰው ነበር።

ነገሩ እንደሚፈራው አይደለም። የተራ ሣጥን እያንዳንዱ ማዕዘን ቦታው በሦስት ቁጥር ይነገራል፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት፣ ወደ ውስጥ ስንት። አንድ አራተኛ ቁጥር መጨመር ነው። ሰው አራተኛው ወዴት ነው ብሎ ይጨነቃል እንጂ ኮምፒዩተር ግድም የለው። ማሽከርከር ሲፈለግ ከአራቱ ቁጥሮች ሁለቱን መርጦ እርስ በርስ ማቀያየር፣ ሌሎቹን ሁለቱን እንዳሉ መተው ነው። ከዚያ የፀሐይ ብርሃን የሰውን ጥላ መሬት ላይ እንደሚጥለው ሁሉ የባለ አራቱን ጥላ ሦስት ላይ፣ የሦስቱን ጥላ ስክሪኑ ላይ መጣል ነው። የምናየው የጥላ ጥላ ነው። የሚታየውም ትልቅ ሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለ ትንሽ ሣጥን ሲሆን ማዕዘኖቻቸው በመስመር ተያይዘዋል።

ማስላቱ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረኝ ኮምፒዩተር ክፍሉ ነው። ማሽኖቹ ላይ ተማሪ እንዳያበላሻቸው የተጫነ ነገር ነበር፤ ማታ ሲዘጉ ቀን የተጻፈባቸውን ሁሉ ይረሳሉ፣ ጠዋት እንደ ተወለዱ ሆነው ይነሳሉ። ይህን ሳላውቅ ሥራዬን እዚያው አስቀምጬ የሄድኩ ዕለት በማግስቱ ምንም አላገኘሁም። ከዚያ ወዲያ ፍላሽ ተውሼ መጣሁ፤ ፍላሹ ደግሞ የግቢውን ቫይረስ ሁሉ ሰብስቦ ሥራዬን ደበቀብኝ። መብራትም እንደልማዱ ይሄዳል። በመጨረሻ ፕሮግራሙን በቃሌ እስክወጣው ድረስ ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ግማሹን እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የዞረ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ትንሹ ሣጥን ቀስ ብሎ በአንድ ፊት በኩል ወጣና እየተለጠጠ ትልቁን ሆነ፤ ትልቁ ወደ ውስጥ ገብቶ ትንሹን ሆነ። እንደገና፣ እንደገና። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሰው ፊት መሳቅ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ከዋናው ፈተና በፊት ቅድመ ማቅረቢያ የሚሉት ነገር ነበር። ዋናው ፈታኝ ሸበቶ፣ ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ጥርሳቸውን የማያሳዩ ሰው ናቸው። ሣጥኔ ሲዞር እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ የማየው ትንሽ ሣጥን ሲያድግ፣ ትልቅ ሣጥን ሲያንስ ነው። ይህንን የካርቱን ሥዕል የሚሠራ ሰውም ይሠራልኛል። በአራተኛው አቅጣጫ እየዞረ ለመሆኑ ምስክርህ ምንድን ነው?»

«ቲቸር፣ ስሌቱ...» አልኩ።

«ስሌቱን አየሁት፣ ትክክል ነው። አሳያለሁ ያልከው አንተ ነህ። በሦስት አቅጣጫ የቱንም ያህል ቢዞር ሊሆን የማይችል፣ በአራት ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አሳየኝ። አለዚያ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። አማካሪዬ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ይህም ተስፋዬን ጨርሶ ገደለው። ለዋናው ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ወደ ቤት ስሄድ የማስበው ስለ አራተኛ አቅጣጫ አልነበረም። የመርፌ ትራሱን ይዤ ጋምቤላ ስሄድ ነው የሚታየኝ።

አባቴ ስለ ሥራዬ የሚያውቀው ፈተናው ላይ ኮት እንደሚለበስ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሰልባጅ ገዙ፣ ሌሎች ተዋሱ። እሱ ግን የራሱን የሠርግ ኮት፣ ጥቁር ግራጫውን፣ ከሣጥን አውጥቶ ይገለብጥልኝ ጀመር። ኮት ከገለበጠ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ሱቆቹ ሳይከፈቱ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ እስክትሸሽ ድረስ እዚያው ጎንበስ ብሎ ይውላል። እኔም መርፌ በብዛት አስገባለታለሁ። ሲያልቅ አንድ ቀን ከሰዓት ጠርቶ አለበሰኝ። ትከሻው ላይ የፈሰሰ ያህል ልክ ነበር። ጨርቁ እንደ አዲስ ጥቁር ግራጫ ነው። እስክሪብቶዬን ግራ ኪሴ ልከት ብል እጄ ባዶ ጨርቅ ዳበሰ። ኪሱ ቀኝ ላይ ነው።

«አባባ፣ ኪሱ» አልኩት።

«ጊዜ አልበቃኝም» አለኝ፤ ፊቱን ወደ መኪናው መልሶ ክር መፍታት ጀመረ። እኔም የፈተናው ቀን ስለተቃረበ እውነት መሰለኝ።

በረንዳው ላይ ደንበኛ የሚታይበት፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት ተሰቅሏል። እሱ እንዳይከፋው ወደዚያ ዞሬ ኮቱን እንደማደንቅ ሆንኩ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ኪሱ ግራው ላይ ነበር። ምንም ያልተገለበጠ፣ የደንብ ኮት ነው የለበሰው። እኔ የለበስኩት ነው ጠማማው። እጄን አነሳሁ፣ እሱም አነሳ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሰው መሬት ላይ የቱንም ያህል ቢዞር፣ ቢገላበጥ፣ በጭንቅላቱ ቢቆም፣ መስተዋት ውስጥ ያለውን ሰው መሆን አይችልም። የግራ ጫማን የቱንም ያህል ብታዞሩት የቀኝ አይሆንም። በሦስት አቅጣጫ አይሆንም፤ በአራት ግን ይሆናል። ግራና ቀኙን ከአራተኛው አቅጣጫ ጋር አድርጎ ግማሽ ዙር ቢያዞሩት፣ ኮት ምኑም ሳይተረተር መስተዋት ውስጥ ያለውን ኮት ሆኖ ይመለሳል። ይህ ስሌቴ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። እኔ ሣጥን ይዤ ስታገል አላየሁትም፤ የሣጥን ግራና ቀኝ አይለይማ።

«አባባ፣ የኮቱን ልክ ንገረኝ» አልኩት።

«ለማን ነው የሚሰፋው?»

«ለኮምፒዩተር።»

«ትከሻው ስንት ነው?» አለኝ፤ አልሳቀም። ልክ ሳይወሰድ ኮት እንደማይሰፋ ለማንም የሚናገረውን ነገረኝና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የራሴን ትከሻ ለካኝ። ቁጥሮቹን እየጠራ አስጻፈኝ፤ የደረቱን፣ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን፣ ኪሱ ከብብት የሚርቅበትን። ከእነዚያ ቁጥሮች ኮት ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራተኛ ቁጥር ዜሮ ሰጠሁት። ወደ አራተኛው አቅጣጫ የራቀው እየቀላ እንዲሄድ አደረግኩ። ከሥር ደግሞ ከትከሻ ትከሻ፣ ከኪስ እስከ ቁልፍ ያለው ርዝመት በየቅጽበቱ እንዲጻፍ አደረግኩ፤ ማንም ጨርቁን ጎትተኸዋል እንዳይለኝ።

የፈተናው ቀን መብራት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኤልሲዲ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ኮቱን ጣለው፤ ኪሱ ግራ ላይ። መጀመሪያ በሦስት አቅጣጫ አዞርኩት፤ ጀርባውን አሳየ፣ ጎኑን አሳየ፣ ተዘቀዘቀ፤ ኪሱ ከግራ አልተነቃነቀም። ከዚያ በአራተኛው በኩል አዞርኩት። ኮቱ ከሁለት ወገን እየቀላ መጥበብ ጀመረ። ጠቦ ጠቦ አንድ ቀጭን ነገር ብቻ ሆነ፣ ታጥፎ እንደተተኮሰ ሁሉ። ከሥር ያሉት ርዝመቶች ግን አንዲት ቁጥር አልተለወጡም። ከዚያ መከፈት ጀመረ። ሲከፈት ኪሱ ቀኝ ላይ ነበር።

ሸበቶው ፈታኝ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «አሁንም» አሉኝ።

«ትከሻው ሳይጠብ ነው የተገለበጠው?»

«ሳይጠብ ነው ቲቸር። ልብስ ሰፊ ይህንን ለማድረግ ኮቱን መተርተር አለበት። በአራተኛው በኩል ግን ክር አይነካም።» ከዚያ ዞሬ ቆምኩላቸው፣ እጄን ቀኝ ደረቴ ላይ አድርጌ። «ይቺ ተተርትራ የተገለበጠች ናት። አባቴ ነው የገለበጣት።»

ሳቅ ሆነ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ፈታኙ ተነስተው መጥተው የኪሱን አፍ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ስፌቱን ተከትለው ኮሌታዬን አዩ፣ እጅጌዬን አዩ።

«እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእንዲህ ዓይነት ኮት ነው» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የኔው ግን ኪሱ አያስታውቅም ነበር።»

ሁለተኛው ቦታ የኔ መሆኑ የተነገረኝ በዚያው ሳምንት ነው። ከግቢ በባጃጅ ገበያው ድረስ መጣሁና ዘልዬ ወረድኩ። አባቴ ቁምጣ በእጁ ይጠግን ነበር። ዲላ ቀረሁ አልኩት፤ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ዓይኑን ጠራረገና ሳመኝ። የሱቁ ባለቤት ለስላሳ አስከፈተልን። ከዚያ እኔ በደስታዬ አንዱንም ሳላስቀር አወራሁለት፤ የግድግዳውን ኮት፣ የፈታኙን ጥያቄ፣ ዞሬ ቆሜ ያልኩትን። አባቴ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ።

«ኪሱን አዩት?» አለኝ።

«አዩት እንጂ! እሱ አይደል ያዳነኝ።»

«ሁሉም አዩት?»

ያኔ ነው የገባኝ። «አባባ፣ ጊዜ ስላልነበረህ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ» አልኩት፤ የባሰ ነገር ነበር የተናገርኩት።

«ጊዜማ ነበረኝ» አለኝ። «ሦስቴ ጀምሬ ፈታሁት። ክሩን አንተ ታስገባልኛለህ። ጨርቁን ማን ያይልኛል?»

ከዚያ በኋላ ስለ ኪሱ አንድም ቀን አላነሳንም። ሞራ እንዳለበት አፍ አውጥቶ ያመነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት የዘንድሮ ክር ነው የከፋው ወደሚለው ተመለሰ። እኔም እሱን እያመንኩ ክር ማስገባቴን ቀጠልኩ።

አስተማሪ ሆኜ ዓመታት አለፉ። ኮቱን ለሌላ ነገር አልለብሰውም። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ አራተኛው አቅጣጫ ላይ ስንደርስ፣ በፌስታል ይዤው ክፍል እገባለሁ። መጀመሪያ በኮምፒዩተር ኮቱን አዞራለሁ፣ ከዚያ ፌስታሉን ከፍቼ እለብሰውና ኪሱ የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ «ቲቸር ፋሽን ነው» እያሉ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይገባቸዋል። የማስተምረው ሌላው ሁሉ ቢረሳ ያ ትምህርት አይረሳም። ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር አዲስ አበባ ሁለቴ ዕድል መጥቶልኝ ሁለቴም አልሄድኩም። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሰው የአየሩን ነገር አወራለሁ።

አንድ ክረምት ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሐኪሞች መጡ ተባለ። አባቴን ለማሳመን የሱቁን ባለቤት፣ የንስሐ አባቱንና ዓይናቸው የበራላቸውን አንድ የወናጎ ሰው ማሰለፍ ነበረብኝ። ሁለቱም ዓይኑ ተሠራ። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ «ሸበትክ እንዴ?» አለኝ። ጥቂት ሽበት ነበረኝ። ቤት ገብቶ ግድግዳዎቹን አየና እንዴት እንዲህ ቆሽሸው ኖርን ብሎ ተቆጣ። ደስ የሚል ቁጣ ነበር።

የዚያ ዓመት ትምህርት ላይ ደርሰን ኮቱን ስፈልግ ሣጥኑ ውስጥ የለም። «እኔ ጋ ነው፤ ብል እንዳይገባው አራግፌ ተኩሼልሃለሁ» አለኝና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሳልፈታው ክፍል ይዤ ገባሁ። እንደልማዴ በኮምፒዩተር አዞርኩ፤ ኪሱ በግራ ሄዶ በቀኝ መጣ። ጋዜጣውን ከፍቼ ኮቱን ለበስኩና ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«አሁን ይህን ተመልከቱ» አልኳቸው። «ኪሱ የት ነው?»

ተያዩ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ያፈረችልኝ ትመስል ነበር።

«ግራ ላይ ነው፣ ቲቸር» አለች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ግራ ላይ ነው። ቀኝ ደረቴን በእጄ ዳበስኩ፤ ምንም የለም። ወደ መስኮቱ ሄጄ ኮቱን አውልቄ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። ያ የኪስ ቀዳዳ ስንት ዓመት ጣቴን ስጨምርበት የኖርኩት ነው፤ ቦታውን ሌላው ቢቀር በእጄ አውቀዋለሁ። በጥፍሬ ፈለግኩ። ገልብጬ ፈለግኩ። አንድ የተቋረጠ ክር አላገኘሁም። ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል። «ነበረ» አልኳቸው፤ «እዚህ ጋ ነበረ»። አላመኑኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ትምህርቱን በጠመኔ ጨረስኩት።

ስወጣ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይዋን በትከሻው አድርጎ ተቀምጧል። አንድ እጁ ላይ መርፌ፣ አንድ እጁ ላይ ክር ይዟል። የመርፌ ትራሱ ባዶ ነበር፤ ለካ ከሕክምናው ወዲህ ክሩን ራሱ እያስገባ ትራሱ ባዶ ኖሯል፣ ልብ አላልኩም። ኮቱን ለብሼ መምጣቴን አየና ወደ መርፌው ተመልሶ ጠየቀኝ።

«አዩት?»

«አላዩትም አባባ» አልኩት። «ማንም አላየውም።»

የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አርጥቦ አንድ ጊዜ ሰደደው፤ ገባለት።

«እንግዲያስ አዲስ አበባ ሂድና ተማር» አለኝ።